ሲጋራ ማቆም ለምን ይከብዳል? ሀራራ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይረግባል?

ሀዋሳ ላይ ሲጋራ ለማቆም የሚሞክር ሰው ከዘመድ ከወዳጁ አብዝቶ የሚሰማው ምክር «ዋናው ቁርጠኝነት ነው» የሚል ነው። ምክሩ በቅንነት ቢሰጥም የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል፤ ሦስት ቀን ታግሶ በአራተኛው የለኮሰ ሰው ይህንኑ ምክር ይዞ «እኔ ቁርጠኝነት የለኝም» ሲል በራሱ ላይ ይፈርድና ለዓመታት ዳግመኛ ሳይሞክር ይቀራልና። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ያለ መድኃኒትና ያለ ባለሙያ እገዛ ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሳያጨሱ የሚዘልቁት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ማቆምን የሚያከብዱት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው አካል በኒኮቲን ላይ የሚያዳብረው ጥገኝነት ሲሆን እሱ በሳምንታት ውስጥ ይረግባል። ሁለተኛው አንጎል ከቦታ፣ ከሰዓትና ከሰው ጋር አስተሳስሮ የተማረው ልማድ ነው፤ ይኸኛው ከወራት በኋላ እንኳ ሳይጠበቅ ብቅ ይላል። የሁለቱ መፍትሔ አንድ አይደለም፤ ሁለተኛውን እንደ አንደኛው የቆጠረ ሰው ደግሞ «ሱሱ ከደሜ አልወጣም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ኒኮቲን አንጎል ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

ኒኮቲን በትንባሆ ቅጠል ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ጭሱ ወደ ሳንባ ሲሳብ ኒኮቲኑ ወደ ደም ገብቶ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ በሚሆን ጊዜ አንጎል ይደርሳል። እዚያም አሴቲልኮሊን የተባለው የሰውነት የራሱ መልእክተኛ በሚያርፍባቸው ተቀባዮች ላይ ያርፋል፤ ተቀባይ ማለት በነርቭ ሕዋስ ገጽ ላይ የሚገኝና መልእክት የሚረከብ ክፍል ነው። ተቀባዮቹ ሲነቃቁ ዶፓሚን የተባለ ቅመም ይለቀቃል፤ የዶፓሚን ዋና ሥራውም «ይህ ጠቃሚ ነገር ነው፤ ድገመው» ብሎ አንጎልን ማስተማር ነው።

የሲጋራ ሱስ የሚጠብቀው በኒኮቲኑ ኃይል ብቻ ሳይሆን በፍጥነቱና በድግግሞሹም ነው። አንድ ሲጋራ አሥር ጊዜ ያህል ይሳባል እንበል፤ በቀን አንድ ፓኮ፣ ማለትም 20 ሲጋራ፣ የሚያጨስ ሰው በቀን 200 ጊዜ፣ በዓመት ከ70,000 ጊዜ በላይ ይስባል ማለት ነው። እያንዳንዱ ስበት ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ሽልማቱን ያገኛል። ይህን ያህል ተደጋግሞ፣ ይህን ያህል ፈጥኖ የሚሸለም ሌላ የዕለት ተግባር መፈለግ ያስቸግራል።

ኒኮቲን በየጊዜው ሲመጣበት አንጎል የተቀባዮቹን ቁጥር ይጨምራል። ነገሩ እንግዳ በሚበዛበት ቤት ሊመሰል ይችላል፦ ቀን በቀን ሰው የሚመጣበት ቤት በርጩማና ወንበር እየጨመረ ይሄዳል፤ እንግዶቹ አንድ ቀን በድንገት ሲቀሩ መቀመጫዎቹ ባዷቸውን ተደርድረው ይቀራሉ፤ ቤቱም ከእንግዶቹ በፊት ከነበረው ይልቅ ጭር ያለ ይመስላል። ሲጋራ ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ጭንቀትና ባዶነት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ትርፍ የሆኑት ተቀባዮች ግን ለዘለዓለም አይቆዩም፤ ማጨስ ከቆመ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሱ ሄደው አጭሶ ከማያውቅ ሰው መጠን ጋር ይቀራረባሉ።

ኒኮቲን በደም ውስጥ ያለው መጠን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህም አጫሹ ሌሊቱን ተኝቶ ሲነቃ አብዛኛው ኒኮቲን ከደሙ ወጥቷል፤ የጠዋቷ የመጀመሪያ ሲጋራ ከሁሉም በላይ የምትጥመውም በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዎች የአንድን ሰው ጥገኝነት ለመገመት ሲፈልጉ «በቀን ስንት ታጨሳለህ?» ከማለት ይልቅ «ከእንቅልፍህ በተነሳህ በስንት ደቂቃ ትለኩሳለህ?» ብለው የሚጠይቁትም ለዚሁ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ጥገኝነቱ ጠንካራ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ደግሞ ይበልጡን።

ሲጋራ ጭንቀት ያቀል የለም እንዴ?

አጫሾች ይህን የሚሉት ዋሽተው አይደለም፤ ሲለኩሱ በእርግጥ ይቀላቸዋል። የሚቀላቸው ግን በአመዛኙ የቀደመው ሲጋራ ኒኮቲን ሲያልቅ የተፈጠረው መነጫነጭ ነው። ከቤት ኪራይ ወይም ከሥራ የመጣ ጭንቀትና ከኒኮቲን ማለቅ የመጣ ጭንቀት በስሜት ደረጃ አንድ ስለሚመስሉ ሲጋራው ሁለቱንም ያስታገሰ ይመስላል። ያቆሙ ሰዎችን ለወራት የተከታተሉ ጥናቶች የደረሱበት ውጤት ብዙዎች ከሚጠብቁት ተቃራኒ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ያቆሙት ሰዎች ጭንቀትና ድብርት በማጨስ ከቀጠሉት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ሀራራ ስንት ቀን ይቆያል?

ሀራራ የምንለው አካል የለመደው ነገር ሲቋረጥበት የሚነሳውን ብርቱ ፍላጎትና አብሮት የሚመጣውን ሕመም መሰል ስሜት ነው። ከመጨረሻው ሲጋራ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ በአብዛኛው ሰው ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይለዝባል። ቁጣ፣ መነጫነጭ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ የእንቅልፍ መቆራረጥና መደበር ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ብዙ የማይወራላቸው ሌሎችም አሉ፤ የሆድ ድርቀት፣ የአፍ ቁስልና ለጥቂት ጊዜ የሚጨምር ሳል ይከሰታሉ። ሳሉ ብዙዎችን ያስደነግጣቸዋል፤ «ሳጨስ የማላውቀውን ሳል ሳቆም አመጣሁ» የሚል ሰው አይታጣም። ምክንያቱ በአየር ቧንቧ ውስጥ ያሉትና በጭስ ሽባ ሆነው የቆዩት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ጠራጊዎች ሥራ ጀምረው አክታውን ወደ ላይ መግፋታቸው ነው።

የምግብ ፍላጎት መጨመር ከሌሎቹ ምልክቶች ይረዝማል። በአማካይ አንድ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፤ ምንም የማይጨምርም፣ ከዚህ በላይ የሚጨምርም አለ። የተጨመረው ክብደት በማጨስ መቀጠል ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ልብሱ ሲጠበው ወደ ሲጋራው ይመለሳል።

በቀን ውስጥ የሚነሳው አንድ ነጠላ ሀራራ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። በውስጡ ያለ ሰው ግን እስኪያጨስ ድረስ እየባሰ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ከዚህ በፊት ሁልጊዜ በመለኮስ ስላቋረጠው ሳይለኩስ ቢተወው ምን እንደሚሆን አይቶ አያውቅም።

ወር ሙሉ ካላጨሱ በኋላ እንደገና ውል የሚለው ለምንድን ነው?

አንጎል የተማረው «ኒኮቲን ደስ ይላል» የሚለውን ብቻ ሳይሆን ኒኮቲን መቼ፣ የትና ከማን ጋር እንደሚመጣም ጭምር ነው። ዘወትር ከምሳ በኋላ ያጨሰ ሰው የምሳው ማብቂያ ራሱ መቀስቀሻ ይሆንበታል። ሀዋሳ ላይ ለአንዱ መቀስቀሻው ቡና ነው፤ ለሌላው አመሻሽ ላይ በፍቅር ሐይቅ ዳር ከጓደኛ ጋር የሚደረግ ሽርሽር ነው፤ ለባጃጅ ሾፌሩ ተራ ጥበቃው ነው፤ ለሌላው ደግሞ ሱቅ በደረቴው ከማስቲካና ከሶፍት ጋር አስተካክሎ የደረደራቸውን ፓኮዎች ማየት ብቻ ይበቃዋል። እነዚህ መቀስቀሻዎች በደም ውስጥ አንዲት ጠብታ ኒኮቲን ባይኖርም ይሠራሉ።

ይህን በግልጽ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውና በእስራኤል በሚያጨሱ የበረራ አስተናጋጆች ላይ የተደረገው ይህ ጥናት በአጭር በረራና በረጅም በረራ ላይ የነበሩትን ሰዎች ሀራራ እያነጻጸረ መዝግቧል። ሀራራው የሚመጣው ከኒኮቲን ማለቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኩል ሰዓት ሳያጨሱ የቆዩት እኩል ሀራራ ሊሰማቸው ይገባ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ አጭሩ በረራ ሊያርፍ ሲቃረብ የአስተናጋጆቹ ሀራራ ከፍ ሲል፣ በዚያው ሰዓት ገና ብዙ መንገድ በሚቀረው ረጅም በረራ ላይ ያሉት ሀራራ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ማጨስ የሚቻልበት ሰዓት መቃረቡ ራሱ ሀራራውን ቀሰቀሰው።

ለዚህ እስራኤል ድረስ መሄድ ላያስፈልግም ይችላል። ለበዓል ወላጆቹ ዘንድ የሄደ ወጣት አባቱ ፊት ማጨስ ከቶ ስለማይታሰብ ሦስትና አራት ቀን ያለ ብዙ ጭንቀት ይቆያል፤ ወደ ሀዋሳ ተመልሶ መናኸሪያ ሲወርድ ግን ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ሲጋራ ይፈልጋል። በረመዳን የሚጾሙ አጫሾችም ከሁሉ የሚከብዳቸው ማግሪብ ሲቃረብ ያለው ሰዓት መሆኑን ይናገራሉ። ልጁ በእነዚያ ቀናት ሱሱ አልጠፋም፤ ማጨስ በማይታሰብበት ቦታ ስለነበር መቀስቀሻዎቹ አልነኩትም እንጂ። «ፈቃደ ልቦና የለኝም» የሚል ሰው ይህን ልምዱን መልሶ ቢያየው ጥሩ ነው።

የሕግ ክልከላም በዚሁ መንገድ ይረዳል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በታጠሩ ሕዝባዊ ቦታዎች፣ በሥራ ቦታዎችና በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን፣ ትንባሆን ማስተዋወቅንና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች መሸጥን ይከለክላል። ክልከላው በተከበረበት ምግብ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ያቆመ ሰው ጭስ አይሸትተውም፣ መተርኮሻ አያይም፤ መቀስቀሻው በዚያው ልክ ይቀንስለታል።

ከቡናው ጋር ያለው ነገርስ ምንድን ነው?

ቡና መቀስቀሻ ብቻ ሳይሆን ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ጣጣ አለው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ከቃጠሎ የሚመጡ ንጥረ ነገሮች ጉበት ካፌይንን የሚፈጭበትን ኢንዛይም ያፋጥኑታል፤ በዚህም ምክንያት የአጫሽ ሰውነት ካፌይንን ከማያጨስ ሰው በእጅጉ ፈጥኖ ያስወግዳል። ማጨስ ሲቆም ይህ ፍጥነት በቀናት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰውየው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የለመደውን ያህል ቢጠጣ በደሙ ውስጥ የሚቆየው ካፌይን እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ውጤቱ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ትርታ መጨመር፣ እንቅልፍ ማጣትና መቁነጥነጥ ሲሆን ይህ ሁሉ ከኒኮቲን ሀራራ ጋር ፍጹም ይመሳሰላል። ሲጋራ ያጣሁበት ሥቃይ ነው ብሎ ያሰበው ከፊሉ የቡናው ሥራ ነው።

ስለዚህ ባቆሙበት ሰሞን ቡናን በግማሽ ያህል መቀነስ፣ በተለይም ከሰዓት በኋላ ያለውን መተው፣ ቀላል ሆኖ ብዙ የሚያቃልል እርምጃ ነው። ፈጽሞ መተው ግን አያስፈልግም፤ ካፌይንም በድንገት ሲቋረጥ የራሱን ራስ ምታት ያመጣል።

ጫት እየቃሙ ሲጋራ ማቆም ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ከባድ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገርም ዶፓሚንን ያስለቅቃል፤ በርጫ ላይ ደግሞ ሲጋራው ከጫቱ፣ ከለስላሳው፣ ከጨዋታውና ከጓደኛው ጋር አንድ ላይ ተጠቅልሎ የተለመደ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራ የማይነካ የነበረ ሰው እንኳ ሲለኩስ ይታያል። ከዚያ በጨብሲ ስም የሚከተለው መጠጥ ራስን የመግታት አቅምን ስለሚያላላ ቀኑን ሙሉ የታገሠ ሰው ማታ ላይ ይወድቃል። አንዳንዱ ሰው «በቀን አላጨስም፤ በርጫ ላይ ብቻ ነው» በሚል ስምምነት ከራሱ ጋር ይዋዋላል፤ ያ ስምምነት መቀስቀሻውን በየጊዜው ስለሚመግበው ብዙም ሲጸና አይታይም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መተው የከበደው ሰው ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ከበርጫው ቢርቅ የማቆም ዕድሉን ያሰፋል።

ሺሻን እንደ መሸጋገሪያ የሚወስዱም አሉ። ሺሻም ትንባሆ ነው፤ ኒኮቲኑ ያው ኒኮቲን ነው፤ ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም።

ሀራራው ሲነሳ ምን ይደረጋል?

ከመቀስቀሻው አካባቢ ተነስቶ መሄድ ከመቀመጥና ከመታገል ይሻላል። አጭር ፈጣን የእግር ጉዞ እንኳ ሀራራን ለጊዜው እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ የሀዋሳ ሰው ለዚህ የሐይቁን ዳርቻ ወይም ለደፋሩ የታቦርን ዳገት መጠቀም ይችላል፣ ሐይቁ ዳር ራሱ መቀስቀሻ ካልሆነበት በስተቀር። ቆሎ ወይም ማስቲካ ማኘክ እጅና አፍን ያስይዛል። ከማቆሚያው ቀን በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ላይተር፣ መተርኮሻና «ለክፉ ቀን» የተደበቀ ፓኮ ማስወገድ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ሀራራው የሚቆየው ለደቂቃዎች ከሆነ ሲጋራ ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ሀራራው ቀድሞ ያልፋል።

ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል ወይስ በአንድ ጊዜ ማቆም? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በእንግሊዝ የተደረገ ሙከራ ሁለቱን መንገዶች አነጻጽሮ በአንድ ቀን ያቆሙት የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ሳያጨሱ የቆዩት በአንድ ጊዜ ካቆሙት 49 በመቶ፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት 39 በመቶ ነበሩ። በሁለቱም ወገን የነበሩት መድኃኒትና ምክር ያገኙ ነበር።

መድኃኒቱስ ሱስን በሱስ መተካት አይደለም?

ይህ ጥርጣሬ ብዙ ሰው ከእርዳታ እንዲሸሽ ያደርጋል። የኒኮቲን መተኪያ የሚባሉት ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተርና የኒኮቲን ማስቲካ ኒኮቲን መያዛቸው እውነት ነው። ነገር ግን ካንሰርንና የሳንባን በሽታ በዋናነት የሚያመጣው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፤ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ያሉ ሲሆን ከእነርሱ ቢያንስ 70 የሚሆኑት ካንሰር አምጪ መሆናቸው ይታወቃል። በተጨማሪም ከፕላስተር የሚገኘው ኒኮቲን ወደ ደም የሚገባው በሰዓታት ቀስ ብሎ ስለሆነ ያ በሰከንዶች የሚመጣ ሽልማት የለውም፤ ሀራራውን ያለዝባል እንጂ አዲስ ሱስ የመትከል ኃይሉ አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 እነዚህን መተኪያዎች መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

መተኪያዎቹ የማቆምን ዕድል በ50 እስከ 60 በመቶ ይጨምራሉ። ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ከ100 ሰው 5 ያቆሙ የነበሩት ወደ 8 ገደማ ይደርሳሉ ማለት ነው። ፕላስተሩንና ማስቲካውን አንድ ላይ መጠቀም ከአንዱ ብቻ የተሻለ ሲሆን የባለሙያ ምክር ሲታከልበት ዕድሉ ይበልጥ ያድጋል። የማስቲካው አጠቃቀም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፦ እንደ ተራ ማስቲካ በተከታታይ ከታኘከ ኒኮቲኑ ተውጦ ሆድ ይረብሻል እንጂ አይጠቅምም። ቃሪያ ቃሪያ የሚል ስሜት እስኪመጣ በዝግታ ማኘክ፣ ከዚያም በጉንጭና በድድ መካከል ማስቀመጥ፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት ማኘክ ነው ትክክለኛው መንገድ። ቡናና ለስላሳ መጠጥ የአፍን አሲድ ስለሚጨምሩ ከማስቲካው 15 ደቂቃ በፊትና እየታኘከ ሳለ አይጠጡም።

ኒኮቲን የሌላቸው መድኃኒቶችም አሉ። ቫሬኒክሊን ተቀባዮቹን በከፊል እያነቃቃ ኒኮቲን እንዳያርፍባቸው ይዘጋል፤ በዚህም ሀራራውንም የሲጋራውንም ጥፍጥና ይቀንሳል። ቡፕሮፒዮን በመሠረቱ የድብርት መድኃኒት ሲሆን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይታዘዝም። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ናቸው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ በተለይም ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን፣ የሚወስድ ሰው ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ መንገር ግድ ይለዋል፤ ከላይ ስለ ቡና የተገለጸው የጉበት ለውጥ የእነዚህንም መድኃኒቶች መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋቸዋል።

ቤተሰብስ ምን ማድረግ ይችላል?

በኢትዮጵያ የሚያጨሰው ሰው ብዙ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትንባሆ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት ከ100 አዋቂዎች 5ቱ ነበሩ። ይህ መልካም ዜና ሆኖ ሳለ የጎን ጉዳት አለው፤ አጫሹ፣ ይልቁንም አጫሽዋ፣ ልማዱን ከቤተሰብ ደብቆ ስለሚይዝ ሊያቆም ሲነሳም ደብቆ ይሞክራል። ቤተሰቡ ያልተነገረውን ሁለት ሳምንት የሚቆይ ቁጣና ኩርፊያ «ምን ነካው?» እያለ በቁጣ ይመልሳል። የሚያውቅ የትዳር ጓደኛ ወይም ታላቅ እህት ግን ይህ የሚያልፍ መሆኑን አውቃ ክርክሩን ልታሳድረው ትችላለች።

አንድ ብቻ ቢያጨስስ?

አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ሱሱን ሙሉ በሙሉ ከዜሮ አልጀመረም፤ በሳምንታት የቀነሱት ተቀባዮች በአንድ ሲጋራ ሁሉም አይመለሱም። አደጋው ከሲጋራው በኋላ በሚመጣው ሐሳብ ላይ ነው፤ «አበላሸሁት፤ እንግዲህ ቀጥል» የሚለው ሐሳብ አንዱን ሲጋራ ወደ ፓኮ ይለውጠዋል። በዚያን ሰዓት የሚጠቅመው ጥያቄ የት ነበርኩ፣ ከማን ጋር፣ ምን እየጠጣሁ የሚለው ነው፤ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በፊት ያልታሰበ አንድ መቀስቀሻ ያሳያል። ፕላስተር የሚጠቀም ሰው አንድ ጊዜ ስላጨሰ ፕላስተሩን አንስቶ መጣል የለበትም፤ እንደ ለጠፈው ይተወውና የቀሩትን ሲጋራዎች ለማንም ሳይሰጥ ውኃ አርከፍክፎ ይጥላቸዋል።